0.3 ኖዝል አዘዝኩ፣ አልገባም፤ ኤርብረሼን ልጣላት?

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «ሰላም ጋሼ። ትርፍ ሰዓቴን የማሳልፈው ሞዴል አውሮፕላንና ታንክ እየገጣጠምኩና እየቀባሁ ነው። ያለችኝ ኤርብረሽ (ቀለም በአየር የምትረጭ ትንሽ መርጫ) ከጓደኛዬ የተረከብኳት ያገለገለች ናት። ላይዋ ላይ የፋብሪካ ስም የለም። ሣጥኗ ላይ 0.3 ብቻ ተጽፏል። በቅርቡ የቀለም ኩባያዋ ውስጥ አረፋ መነሳት ጀመረ። ኖዝሉ፣ ማለትም ቀለሙ የሚወጣበት ጫፍ፣ ላልቶ ይሆናል ብዬ በመፍቻ ሳጠብቀው ቀጭ ብሎ ተሰበረ። ጥርሱ (የሚጠመዘዝበት) ያለበት ግማሽ ውስጥ ቀረ። ኢንተርኔት ላይ 0.3 ኖዝል ፈልጌ አዘዝኩ። የመጣውን ከስባሪው ጋር ሳስተያየው ይወፍራል፣ ጥርሱም ሌላ ነው። እንደገና ልሞክር ወይስ ልጣላት? ምን ይሉኛል?»

ወንድሜ፣ አትጣላት። ሌላ ኖዝልም ግን ዛሬ አታዝዝ። ማን እንደሆነች ሳታውቅ ነው መለዋወጫ የምትፈልግላት። እሱ ከታወቀ የቀረው ቀላል ነው።

ከቁጥሯ እንጀምር፤ ብዙ ሰው የሚሸወደው በእሷ ነው። 0.3 ማለት ቀለሙ የሚወጣበት ቀዳዳ 0.3 ሚሊሜትር ያህል ስፋት አለው ማለት ነው። በቃ። ኖዝሉ ምን ያህል እንደሚረዝም፣ ጥርሱ ምን ያህል እንደሚወፍር፣ ጭራሹን ጥርስ ይኑረው አይኑረው ቁጥሯ አትናገርም። ጫማ ልትገዛ ሄደህ የማሰሪያውን ርዝመት ብቻ ነግረህ እንደመመለስ ነው። እንኳን ሁለት ፋብሪካ፣ አንዱ ፋብሪካም ከራሱ ጋር አይገጥምም። የጃፓኑ ኢዋታ ኤክሊፕስ ሲኤስ እና ኒዮ ሲኤን የሚባሉ ሁለት ሞዴሎች አሉት። ሁለቱም 0.35 ናቸው። የአንዱ ኖዝል ለሌላው አይሆንም።

ኖዝል በጥቅሉ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው እንዳንተው ጥርስ ኖሮት ወደ አካሏ የሚታሰር ነው። የኢዋታ ኤችፒ-ሲ ፕላስ እንደዚህ ነው። ብዙዎቹ ርካሽ ኮፒዎችም ይህንኑ ነው የተከተሉት። ሁለተኛው ጥርስ የለውም። ቦታው ላይ ይቀመጥና ከላይ የሚመጣው ክዳን ተጭኖ ይይዘዋል። ኤክሊፕስ እንዲህ ነው፤ የጀርመኖቹ ሃርደር ኤንድ ስቴንቤክም እንዲሁ። ይሄኛው በመፍቻ ስለማይነካ እንዳንተው ቀጭ አይልም። እኔ ለጀማሪ ሁሌ የምመክረው ተቀማጩን ነው። ግን አሁን የያዝከው ያኛውን ስለሆነ ወደ እሱ እንመለስ።

መጀመሪያ ስባሪው መውጣት አለበት። እሱ ሳይወጣ ስለ መለዋወጫ ማውራት ትርፍ ወሬ ነው።

ባለ ጥርሱ ኖዝል ከናስ ወይም ከዚያ ከሚመሳሰል ለስላሳ ብረት ነው የሚሠራው። ጥርሱ ያለበት አንገት በጣም ቀጭን ነው፤ ውስጡ ደግሞ ክፍት ነው። በጣት ብቻ ቢጠብቅ ይበቃዋል። መፍቻው የተሰጠህ መጨረሻ ላይ ትንሽ ነካ እንድታደርገው ነው። አንተ ግን አረፋ አይተህ ጨመርክበት፤ ሁላችንም አንድ ቀን ያደረግነው ነው።

መርፌውን አስቀድመህ ከኋላ ሳብና አውጣው። እዚያው ሆኖ ስትታገል ጫፉ ከተጣመመ ሁለት ዕቃ ልትገዛ ነው። ከዚያ የስባሪው ዙሪያ ላይ ለምትጠቀምበት ቀለም የሚሆነውን ቲነር ጠብ ጠብ አድርግና አሳድረው። አካሏን በሙሉ እንዳትዘፈዝፍ፤ ውስጧ ያሉት ጎማዎች ያብጣሉ። አብዛኛውን ጊዜ ጥርሱን የያዘው የደረቀ ቀለም ነው፣ ለስልሶ ያድራል። ጠዋት በፀጉር ማድረቂያ ፊቷን ትንሽ ሞቅ አድርጋት። ከዚያ አራት ማዕዘን ሆኖ ወደ ጫፉ የሚሾል ትንሽ ነገር ያስፈልግሃል። ከኤርብረሽ ማጽጃ ዕቃዎች ጋር የምትመጣ ሾጣጣ መሞረጃ አለች። እሷ ከሌለች የትንሽ ሞረድ ጭራ ይሠራል። ስባሪው ቀዳዳ ውስጥ ቀስ ብለህ አስገባው። ማዕዘኖቹ የናሱን ግድግዳ ነከስ ሲያደርጉ በእጅህ ይሰማሃል። እዚያ ላይ ወደ ግራ አዙር። እየተጫንክ አታዙር፤ በተጫንከው ቁጥር ስባሪው ይሰፋና ጥርሱ ላይ ይበልጥ ይጣበቃል። ነከስ፣ ዞር፤ ነከስ፣ ዞር። ሩብ ዙር ከሄደልህ ጨርሰሃል፣ የቀረው በጣት ይወጣል።

ድሪል ግን እንዳታነሳ። እኔ የመጀመሪያዬን በድሪል ነው የሞከርኩት። ስባሪው ወጣ፤ የአካሏ ጥርስም አብሮ ወጣ። ያቺ ኤርብረሽ እስከ ዛሬ መሳቢያዬ ውስጥ አለች። ስፕሪንጎቿን ለሌላ አድርጌ ጨርሻለሁ፤ አሁን ወረቀት ነው የምጫንባት።

ስባሪው ሲወጣ እንዳትጥለው። ከፊተኛው ግማሽ ጋር ነጭ ወረቀት ላይ ደርድርና ሚሊሜትር ያለው ማስመሪያ አጠገባቸው አድርገህ ፎቶ አንሳ። ካሊፐር (ውፍረት መለኪያ) ካለህ ደግሞ ለካ። የምትፈልገው የጥርሱ የውጭ ውፍረት፣ ጥርሱ ያለበት ክፍል ርዝመት፣ ሁለቱን ግማሾች ገጥመህ የኖዝሉ ጠቅላላ ርዝመት፣ እንዲሁም የመርፌው ውፍረትና ርዝመት ነው። የጥርሶቹን ርቀት ለማወቅ ያ የማይገባው አዲስ ኖዝልህ ይጠቅምሃል። ሁለቱን ጥርስ ለጥርስ አድርገህ ብርሃን ላይ ያዛቸው። በመካከላቸው ብርሃን ካላሳለፉ ርቀታቸው አንድ ነው። እየተዘለለ ብርሃን ከታየህ የተለያዩ ናቸው። ስለዚህ እሱንም ገና አትመልሰው።

አሁን ማን ናት?

ስም የለሽ የምትመስል ኤርብረሽ ብዙ ጊዜ ዘመድ አላት። ኩባያዋ ከላይ የሆነ፣ ባለ 0.3፣ ጥርስ ያለው ኖዝል የምትጠቀም ስም የለሽ ኤርብረሽ በአብዛኛው የዚያ የጃፓን ቅርጽ ኮፒ ናት። እነዚህ ከቻይና በብዛት ይወጣሉ፤ አንዱ ዕቃ በብዙ ስም ይሸጣል። ከእነሱ ውስጥ በብዛት የምታየው ፌንግዳ ነው፤ ቢዲ-130 የሚባለው ሞዴሉ የታወቀ ነው። ያንተዋም ከዚያ ቤተሰብ ብትሆን አይገርመኝም። ግን በግምት አታዝዝ። የአየር ቫልቩን አንገትና የእጀታውን ውስጥ በማጉያ መነጽር ፈትሽ፤ ደብዘዝ ያለ ቁጥር ይኖር ይሆናል። ኩባያዋ ከአካሏ ጋር አንድ ነው ወይስ ይፈታል? ከፊት ያለው የመርፌ መከለያ ድፍን ነው ወይስ እንደ ዘውድ የተፈለፈለ? እጀታዋ ላይ ክፍት መስኮት አለ? እነዚህን ይዘህ የሻጮችን ፎቶ ብታስተያይ ባንድ ምሽት ዘመዷን ታገኛለህ።

ፎቶው ልክ መሰለህ እንበል። ያኔም ገና አትክፈል። ለሻጩ የለካኸውን ቁጥርና ፎቶህን ላክለትና «የጥርሱ ውፍረት ይሄ ነው ወይ?» ብለህ ጠይቀው። ለክቶ የሚመልስልህ ሻጭ ጥሩ ነው። «ለሁሉም 0.3 ይሆናል» የሚልህን እለፈው። ለሁሉም የሚሆን ኖዝል የለም።

ስም ያላት ኤርብረሽ ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ ጣጣ አይኖርም ነበር። ታዋቂዎቹ ፋብሪካዎች ለየሞዴሉ ሁሉም ዕቃ ተበታትኖ የተሳለበት ገጽ አላቸው። እያንዳንዷ ቁራጭ፣ ከስፕሪንግ እስከ ኦሪንግ (ቀለበት መሳዩ የጎማ ማሸጊያ)፣ መለያ ቁጥር አላት። ያንን ቁጥር ይዘህ ነው የምትፈልገው፤ «የኢዋታ ኖዝል» ብለህ አይደለም። ከሃርደር ኤንድ ስቴንቤክ ደግሞ የምወድላቸው ነገር አለ። የድሮዎቹ ኢቮሉሽንና ኢንፊኒቲ አንድ ዓይነት የኖዝል ስብስብ ይጋራሉ። 0.2 ያላት ሰው 0.4 ገዝቶ እዚያችው ላይ ይቀይራል። የአሜሪካኖቹ ፓሽ ኤች የምትባል በጣም ቀላል ኤርብረሽ አላቸው። ቀለምና አየሩ የሚገናኙት ከውጭ ነው። የኖዝሏ ቁጥሮች 1፣ 3 እና 5 ናቸው። ለብዙ አስርት ዓመታት ብዙም ሳትለወጥ ስለተሠራች ከአያትህ የወረስካት ብትሆን እንኳ ዕቃ ይገኝላታል። በተቃራኒው አዝቴክ የሚባሉት የፕላስቲክ አካል ያላቸው ኤርብረሾች አሉ። መርፌውና ኖዝሉ አንድ ላይ የተገጠሙ ናቸው፣ እንዳለ ነቅለህ ነው የምትቀይረው። ምርቱ ቆሟል፤ የቀረው ከመጋዘን የተረፈ ነው። ማንም ሰው አዝቴክ በርካሽ ልሽጥልህ ቢልህ አስቀድመህ ስንት ኖዝል አብሮ እንደሚሰጥህ ጠይቀው።

ኖዝሉን ስታዝዝ መርፌውንም አብረህ እዘዝ። ይህን ምክር ብዙ ሰው የነጋዴ ምክር ይመስለዋል፤ እኔም አዲስ እያለሁ እንዲያ ይመስለኝ ነበር። መርፌው እኮ ቡሽ ነው። ኖዝሉ ውስጥ ገብቶ ቀዳዳውን ይዘጋል፣ ወደ ኋላ ስትስበው ይከፍታል። የሁለቱ ሾጣጣነት እኩል ካልሆነ አይዘጋም። መርፌው ይበልጥ ሾጣጣ ከሆነ በጣም ወደ ፊት ይወጣና ጫፉን ባለፍ ገደም ትመታዋለህ። ደፍጣጣ ከሆነ ደግሞ ቀዳዳው ላይ ሳይደርስ መንገድ ላይ ይቀራል፤ ቀለም ሳትስበው ጠብ ጠብ ይላል። ለአንዳንድ ሞዴል ከፊት ያለው የኖዝል ክዳንም ከቁጥሩ ጋር አብሮ ይለወጣል። ስለዚህ ሦስቱ አንድ ላይ የታሸጉበትን ካገኘህ እሱን ምረጥ። ዕቃው ሲደርስህ አካሏ ላይ ሳታስር መርፌውን በእጅህ ኖዝሉ ውስጥ ቀስ አድርገህ አስገባና በማጉያ እየው። ጫፉ በትንሹ ብቅ ብሎ ዙሪያውን ክፍተት ካልታየህ ተግባብተዋል።

ኦሪጅናል ነው የሚባለውንም ቢሆን ማጉያ ስር ሳታየው አትመን። አንድ ጊዜ ከአንድ ሻጭ ተቀማጭ ኖዝል ገዛሁ። ማሸጊያው ልክ ነው፣ መለያ ቁጥሩም ልክ ነው። ስረጨው መስመሩ ወደ ግራ ይሄድብኛል። መርፌውን ቀየርኩ፣ ያው ነው። ክዳኑን ቀየርኩ፣ ያው ነው። መጨረሻ ላይ ኖዝሉን ሩብ ዙር አዙሬ አስቀመጥኩት። ጭጋጉ አብሮ ዞረና ወደ ታች መሄድ ጀመረ። ማጉያ ስር ሳየው ቀዳዳው መሃል ላይ አልተበሳም። ፎርጅድ ነበር። ለዚህ ነው አሁን ከመግጠሜ በፊት የማየው፤ ከገጠምኩት በኋላ መመለስ ጣጣ ነው።

እግረ መንገድህን ጎማዎቹንም ተመልከት፤ ያገለገለች ናት ብለሃል። ኦሪንግ የኤርብረሽ ሻጭ ጋ ብቻ መፈለግ የለብህም። ኩሽኔታና ኦሪንግ የሚሸጥበት ቤት ሁሉ ልኩ ይገኛል። የሚጠየቀው የውስጥ ስፋቱና የጎማው ውፍረት ነው። የሚያስቸግረው ቁሱ ነው። ተራው ጥቁር ጎማ ኒትራይል ነው። በውኃ ለሚቀጥን አክሪሊክ ችግር የለበትም። አሴቶን ወይም ቶሉዊን ያለበት ቲነር ሲነካው ግን ያብጣል፣ በጣት የምትጫነው ቃታም ይይዛል። ቫይተን የሚባለው ጎማ ቶሉዊንን ይችላል፤ አሴቶን ላይ ግን ይሸነፋል። ቴፍሎን ሁሉንም ይችላል፣ ግን እንደ ጎማ አይለመጥም። ለዚህ ነው መርፌው የሚያልፍበት ማሸጊያ በጥሩ ኤርብረሾች ላይ ቴፍሎን የሚሆነው። ቀለም ወደ ኋላ ሾልኮ ቃታው ስር ከመጣ ያለቀው ያ ማሸጊያ ነው። ኒትራይልና ቫይተን ብዙ ጊዜ ሁለቱም ጥቁር ስለሆኑ በዓይን አትለያቸውም፤ ስትገዛ ጠይቅ።

አሁን አረፋው። ነገሩ ሁሉ ከእሱ ነው የጀመረው።

ኩባያ ውስጥ አረፋ የሚነሳው በፊት በኩል መውጣት የነበረበት አየር መንገድ አጥቶ ወደ ቀለሙ ሲመለስ ነው። ኖዝሉ ላልቶ በሥሩ አየር ሊያሾልክ ይችላል፤ ያንተ ግምት ከንቱ አልነበረም። ግን በብዛት የማየው ሌላ ነው። ወይ ኖዝሉ ጫፍ ላይ ቀለም ደርቆ ዘግቶታል፣ ወይ የኖዝሉ አፍ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ አለው። መርፌውን ወደ ፊት ገፍቶ የሚያስገባ ሰው አፉን ይሰነጥቀዋል፤ መርፌው እንደ ሽብልቅ ነው የሚሆንበት። የተሰበረውን የፊት ግማሽ በማጉያ እየው። ስንጥቅ ካለው ቢጠብቅም ባይጠብቅም ዕድሜው አልቆ ነበር። ስንጥቅ ከሌለውና ውስጡ ቀለም ከጋገረ ደግሞ ሌላ ኖዝል ላይ መድገም የሌለብህን አውቀሃል፤ በየቀለሙ መካከል ማጽዳት ያስፈልጋል።

መርፌህንም ሳትገዛ በፊት ፈትነው። መስታወት ላይ አስተኝተህ አንከባለው። ጫፉ ከፍ ዝቅ ካለ ተጣሟል። ትንሽ ከሆነ ይቃናል። ጫፉን ለስላሳና ጠንካራ ነገር ላይ አስተኝተህ፣ መርፌውን እያዞርክ በጣትህ ጥፍር ወደ ራስህ ጎተት አድርገው። ከዚያ ቁጥር 2000 የሆነ የብርጭቆ ወረቀት ላይ እያዞርክ ወደ ጫፉ አቅጣጫ ብቻ ሳበው። ከርዝመቱ አታሳጥር፣ ሾጣጣነቱንም አትቀይር። መጨረሻ ላይ ጫፉን ጥፍርህ ላይ ቀስ ብለህ ሳበው፤ የማይቧጭር ከሆነ ተስተካክሏል። ካልሆነም ከአዲሱ ኖዝል ጋር አዲስ ልትገዛ ስለሆነ መለማመጃ ይሁንህ።

ስለ መጣል ጠይቀህኝ ነበር። ስም ላላት ኤርብረሽ አካሏ ጤነኛ እስከሆነ ድረስ አይጣልም፤ የሚያልቁት መርፌ፣ ኖዝልና ጎማ ናቸው፣ ሦስቱም ይገዛሉ። ኮፒ ላይ ግን ሒሳብ አድርግ። መርፌው፣ ኖዝሉና ክዳኑ ተደምረው የአዲሷን ግማሽ ዋጋ ካለፉ እኔ ያችኑ የመሰለች ሁለተኛ ኤርብረሽ ነው የምገዛው። የቀድሞዋ ለመለዋወጫ ትቀመጣለች። ቃታ፣ ስፕሪንግ፣ ቫልቭ፣ ኩባያ፤ አንዱም አይጣልም። የአካሏ ጥርስ ከተበላ ብቻ ነው እጄን የምሰጠው። ሌላ ዓይነት ስትገዛ ደግሞ የአየር ቱቦውን ጫፍ አስብበት። አብዛኛዎቹ አንድ ስምንተኛ ቢኤስፒ የሚባለውን ጥርስ ይጠቀማሉ፤ የውጭ ስፋቱ 9.7 ሚሊሜትር ያህል ነው። ባጀር የሚባለው ፋብሪካ ግን 5 ሚሊሜትር ብቻ ስለሆነ መካከል ላይ ማገናኛ ካልገባ አይገጥምም።

አዲሱ ኖዝል ሲመጣ ጥርሱ ላይ ትንሽ ንጹሕ ሰም ቀባ፤ የንብ ሰም ይሆናል፣ አየር እንዳያሾልክ ይይዝልሃል። ቴፍሎን ቴፕ እዚያ ላይ አትጠምጥም፤ ለቱቦው ነው የሚሆነው። በጣትህ አስገብተህ እስኪቆም አዙር። ከዚያ መፍቻውን በሁለት ጣት ብቻ ይዘህ፣ በትንሹ። መርፌውን ከኋላ ቀስ ብለህ አስገባውና ሲነካ አቁም፣ አትግፋው። ኩባያው ውስጥ ውኃ ጨምርና አየሩን ክፈት። ውኃው ካልተንቀሳቀሰ ቀለምህን ቀላቅል። አረፋ ከመጣ ግን መፍቻውን አስቀምጥና ኖዝሉን አውጥተህ የተቀመጠበትን ቦታ አጽዳ።